ኮምፒውተር በመደርደሪያ ውስጥ ሲሰወር፤ ነጋዴው አስቀድሞ ሊጠይቀው ስለሚገባው ንድፍ

እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1974 በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት ትሮይ በምትባል ከተማ፣ በአንድ የምግብ ሸቀጥ መደብር ውስጥ ዐሥር ጥቅል ማስቲካ የያዘ እሽግ በማንበቢያው መስተዋት ላይ አለፈ፤ ዋጋውም 67 የአሜሪካ ሳንቲም መሆኑ ወዲያው ተመዘገበ። ዛሬ በየአገሩ ሸቀጥ ላይ የሚታተመው ባርኮድ በሱቅ ሥራ ላይ የዋለው ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው። በዚያን ጊዜ መሣሪያው አንድ ነበር፤ የሚቆመውም በአንድ ስፍራ፣ ይኸውም በገንዘብ ተቀባዩ ፊት ነበር። ገዢው ዋጋውን ያያል፤ ገንዘብ ተቀባዩ ስሕተቱን ያያል፤ ባለ ሱቁም ሁለቱን ያያል።

ከዚያ ወዲህ ግን ኮምፒውተሩ ከገንዘብ መቀበያው ጠረጴዛ ተነሥቶ ወደ መደርደሪያው፣ ወደ ሚዛኑ፣ ወደ ዕቃ መሰብሰቢያው ጋሪ፣ ወደ ጣሪያውና ወደ ደንበኛው ኪስ ገብቷል። ከዚህም የተነሣ መሣሪያ አስመጪው ወይም ባለ መደብሩ ዛሬ የሚያዝዘው አንድ ዕቃ ሳይሆን እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩ የብዙ ዕቃዎችን ማኅበር ነው። እንዲህ ያለውን ማኅበር ከመግዛት በፊት በወረቀት ላይ ነድፎ ለመመርመር የሚያስችል ጥበብ አለ፤ ሆኖም ከመሐንዲሶች ክበብ ውጭ እምብዛም አይታወቅም።

ኮምፒውተር በየስፍራው ይሠራጫል የሚለውን ዐሳብ ያስፋፋው ማርክ ዋይዘር ነው። ይህ ሰው ዜሮክስ የተባለው ኩባንያ በካሊፎርኒያ በፓሎ አልቶ ባቋቋመው የምርምር ማእከል ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ሳይንቲፊክ አሜሪካን በተባለው መጽሔት ላይ ባሳተመው ጽሑፍ ወደፊት የሚመጣውን ኮምፒውተር ሰው ሳያስተውለው የሚገለገልበት አድርጎ ሥሎት ነበር። መሣሪያዎቹንም በሦስት ልክ ከፈላቸው፤ በኢንች የሚለኩ ከመዳፍ የሚገቡ፣ በጫማ የሚለኩ እንደ ደብተር ያሉ፣ በያርድ የሚለኩና እንደ ጥቁር ሰሌዳ በግድግዳ የሚሰቀሉ። ዋይዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ዐረፈ፤ ሦስቱም ዓይነት መሣሪያዎች ግን ዛሬ በየሱቁ ይሸጣሉ። ዐሳቡ ማለፊያ ነው፤ ነገር ግን ነጋዴን የሚያሳስብ አንድ ጕድለት አለበት። ሥራው ሲቃና የማይታይ መሣሪያ ሲሳሳትም አይታይም።

ስለዚህ ስሕተቱ አስቀድሞ በሌላ ስፍራ መታየት አለበት። መጋዘን የሚያሠራ ሰው ግንቡ ከቆመ በኋላ በሩን ከማዛወር ይልቅ በፕላኑ ላይ መስመር መፋቅ እንደሚቀለው ያውቃል። ለእነዚህ ስውር መሣሪያዎችም ፕላን የሚሆነው ሞዴል ይባላል፤ ዓይነቱም ብዙ ነው።

አንደኛው የሥራ ዛፍ ነው። በኢጣልያ በፒሳ ከተማ የሚሠራው ተመራማሪ ፋቢዮ ፓተርኖ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ዘዴ መሠረት፣ ከሁሉ በላይ ጠቅላላው ሥራ ይጻፋል፤ ለምሳሌ «ሙዝ መግዛት» ይባላል። ከሥሩ ቅርንጫፎች ይወጣሉ። በእያንዳንዱም ቅርንጫፍ ላይ ሥራው የማን እንደ ሆነ ምልክት ይደረጋል፤ ይኸውም ሰው ብቻውን የሚሠራው፣ መሣሪያው ብቻውን የሚሠራው፣ ሁለቱ ተገናኝተው የሚሠሩት፣ ወይም ገና ተከፋፍሎ ያላለቀ መሆኑ ነው። ሙዙን መምረጥ የገዢው ነው። ሚዛኑ በካሜራ አይቶ «ይህ ሙዝ ነው» ማለቱ የመሣሪያው ነው። ገዢው በስክሪኑ ላይ ተመልክቶ «አዎን» ማለቱ የሁለቱ ነው። በቅርንጫፎቹም መካከል የትኛው እንደሚቀድም፣ የትኞቹ ባንድነት ሊከናወኑ እንደሚችሉ፣ የትኛውስ ሌላውን አቋርጦ እንደሚያስቀር ይመለከታል። ይህን ለመሣል እርሳስና አንድ ሉክ ወረቀት ይበቃል፤ አስቸጋሪው መሣሉ ሳይሆን «ይህ የማን ሥራ ነው?» ለሚለው ጥያቄ እውነተኛውን መልስ መስጠቱ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት መሣሪያው ሊገኝባቸው የሚችሉትን ኹኔታዎች የሚያሳይ ሥዕል ነው። እስራኤላዊው የኮምፒውተር ሊቅ ዴቪድ ሃሬል እ.ኤ.አ. ከ1982 መጨረሻ ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን ለአገሩ የአውሮፕላን ኢንዱስትሪ ምክር ይሰጥ ነበር። መሐንዲሶቹ ስለ አንድ የጦር አውሮፕላን መሣሪያዎች እጅግ ብዙ ገጽ ጽፈዋል፤ ይሁን እንጂ «ይህ አዝራር በዚህ ጊዜ ቢጫን ምን ይሆናል?» ሲባሉ ከጽሑፉ ውስጥ አንድ ቁርጥ ያለ መልስ ማውጣት አዳጋች ነበር። ሃሬል ይህን ባየ ጊዜ ቃሉን ወደ ሥዕል ለወጠው፤ ዘዴውንም እ.ኤ.አ. በ1987 አሳተመ። ጥቅሙ በቍጥር ይገለጣል። እያንዳንዳቸው ሁለት ኹኔታ ያላቸው ዐሥር መሣሪያዎች ባንድነት ሲሠሩ፣ ሊፈጠር የሚችለው ቅንጅት 1024 ነው፤ ያን ሁሉ አንድ በአንድ ሊዘረዝር የሚችል የለም። በሃሬል ሥዕል ግን ዐሥሩ ጎን ለጎን ስለሚቆሙ 20 ሣጥኖች ይበቃሉ።

ሃሬል ራሱ ስለዚህ ነገር በጻፈው ትዝታ ውስጥ አንድ ቀን የሆነውን ያወሳል። ሥዕሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደ ተሣለ አንድ የአየር ኀይል አብራሪ ወደ ስብሰባው ክፍል ገባ። ስለ ሥዕሉ ከዚያ በፊት ምንም የማያውቅ ሲሆን፣ ጥቂት ደቂቃ ማብራሪያ እንደ ተሰጠው አንዱን ቀስት አመልክቶ ወደዚህ ሳይሆን ወደዚያ መሄድ አለበት ሲል ስሕተቱን አሳየ። ለነጋዴ የሚጠቅመው ይህ ነው። ሥዕሉን ሊያርመው የሚችለው መሐንዲሱ ብቻ ሳይሆን ሥራውን በእጁ የሚሠራው ሰው ነው፤ በሱቅም ቢሆን ከገንዘብ ተቀባይዋና ከመጋዘን ጠባቂው የተሻለ አራሚ አይገኝም።

የጀርመኑ ሜትሮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 በራይንበርግ ከተማ የወደፊቱን መደብር ለማሳየት አንድ ሱፐርማርኬት ከፈተ። በጋሪው ላይ ስክሪን ተገጠመ፤ ሚዛኑ ፍራፍሬውን በካሜራ ይለይ ነበር፤ የዋጋው ጽሑፍ በመደርደሪያው ላይ በኤሌክትሪክ ይለወጥ ነበር፤ በአንዳንድ ሸቀጦችም ላይ በራዲዮ ሞገድ የሚነበብ ቺፕ ተለጥፎ፣ ዕቃ ሲያልቅ መደርደሪያው ራሱ ለሠራተኛ ያስታውቅ ነበር። ሁሉም ለጎብኚ የሚያስደንቅ ነው። በ2004 መጀመሪያ ላይ ግን የግል ምስጢር ተከራካሪዎች በደንበኝነት ካርዱ ውስጥም እንደዚሁ ያለ ቺፕ መኖሩን ደረሱበት። ኩባንያው ቺፑ የፊልም ማስታወቂያ የሚያየውን ደንበኛ ዕድሜ ለማወቅ የገባ መሆኑን ገለጸ። ደንበኞቹ ግን ካርዱን ሲይዙት ቺፑ መኖሩን አላወቁም ነበርና ተቃውሞ ተነሣ፤ በፌብሩዋሪ 2004 ሰልፍ ተደረገ፤ ኩባንያውም ካርዶቹን ለመሰብሰብ ተገደደ።

ነገሩ በሥራ ዛፍ ላይ ቢቀመጥ እንዲህ ይሆናል። «የፊልም ማስታወቂያ ማየት» ከሚለው ሥር «የደንበኛውን ዕድሜ ከካርዱ ማንበብ» የሚል ቅርንጫፍ ይወጣል፤ ምልክቱም «መሣሪያው ብቻውን» የሚል ነው። በአጠገቡ «ደንበኛው ዐውቆ ይፈቅዳል» የሚል የሰው ቅርንጫፍ መኖር ሲገባው ስፍራው ባዶ ነው። ይህን ባዶ ስፍራ ለማየት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። እርግጥ ነው፣ ሣዩ ልብ ካላለው ባዶነቱን ወረቀት ብቻውን አይናገርም፤ ነገር ግን ካርዱ ከታተመና ለሕዝብ ከታደለ በኋላ በጋዜጣ ከማንበብ ይልቅ በጠረጴዛ ዙሪያ መጠየቅ ይረክሳል።

ከዚህ የተለየ፣ ነገር ግን ሥሩ አንድ የሆነ ችግር ደግሞ በአሜሪካ ታይቷል። አማዞን እ.ኤ.አ. ጃንዩዋሪ 22 ቀን 2018 በሲያትል ከተማ ገንዘብ ተቀባይ የሌለበት ሱቅ ለሕዝብ ከፈተ። ገዢው ዕቃውን አንሥቶ ይወጣል፤ በጣሪያና በመደርደሪያ ያሉት ካሜራዎችና መለኪያዎች ሒሳቡን ሠርተው ደረሰኙን በኋላ በስልኩ ይልኩለታል። ኩባንያው ይህንኑ ዘዴ በትልልቆቹ የምግብ መደብሮቹ ውስጥ ካስገባ በኋላ፣ በኤፕሪል 2024 ከአሜሪካ መደብሮቹ እንደሚያነሣውና በምትኩ ስክሪን ያለው ጋሪ እንደሚያስገባ አስታወቀ። ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ደንበኞች እየገዙ ሳሉ ደረሰኛቸውንና የቆጠቡትን ገንዘብ ማየት መፈለጋቸው ነበር። የሳምንት አስቤዛ የሚሸምት ሰው ሥራ «ማንሣትና መውጣት» ብቻ አይደለም፤ «እስካሁን ስንት ደረሰ?» እያለ በልቡ መደመርም ሥራው ነው። ይህ የሰው ቅርንጫፍ ነው፤ ስክሪኑ ሲወገድ አብሮ ተቈረጠ፤ ጋሪው ላይ ስክሪን ሲመለስ እርሱም ተመለሰ።

በአውሮጳ እ.ኤ.አ. በ2003 ካሜሌዎን በሚል ስም የቀረበው አሠራር ደግሞ አንድ ሥራ በልዩ ልዩ መሣሪያ ላይ ልዩ ልዩ መልክ እንዲይዝ ንድፉን በአራት ደረጃ ይከፍለዋል። በመጀመሪያ ሥራው፣ ቀጥሎ መሣሪያ ያልተለየለት መልክ፣ ከዚያ መሣሪያው የታወቀ መልክ፣ በመጨረሻም የሚሠራው ፕሮግራም ይመጣል። ነገሩ ሩቅ ቢመስልም ቅርብ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. የጀመረውን ቴሌብር ዘመናዊ ስልክ የያዘ ሰው በመተግበሪያ፣ ተራ ስልክ የያዘው ደግሞ *127# ደውሎ ይገለገልበታል። «ለሻጭ መክፈል» የሚለው ሥራ አንድ ነው፤ መልኩ ሁለት ነው። ሥራው አስቀድሞ ለብቻው ካልተነደፈ፣ በአንዱ መልክ የተጨመረው ጥንቃቄ በሌላው ሊረሳ ይችላል።

አንድ ሚዛንና አንድ የደረሰኝ ማተሚያ ብቻ ያለው ባለ ሱቅ ይህን ሁሉ ልፋት አያስፈልገውም፤ ለእርሱ የመሣሪያው መመሪያ ይበቃል። ነገሩ የሚያሻው መሣሪያዎቹ ሦስትና አራት ሆነው እርስ በርሳቸው መነጋገር ሲጀምሩ ነው። በዚያን ጊዜ ገዢው ለአቅራቢው የሚያቀርበው ጥያቄ ስለ ፍጥነትና ስለ ዋስትና ብቻ መሆኑ ይቀራል። ደንበኛው ሒሳቡን በከፊል ከከፈለ በኋላ መብራት ቢጠፋ፣ የተከፈለው በማን ዘንድ ተመዝግቦ ይቈያል? የመደርደሪያው ዋጋ ተለውጦ የገንዘብ መቀበያው ገና ሳይለወጥ ቢቀር ገዢው የሚከፍለው የትኛውን ነው? መሣሪያው ደንበኛውን የሚያውቀው በምንድን ነው፤ ደንበኛውስ መታወቁን ያውቃልን? እነዚህ ሦስቱ በአንድ ሉክ ሥዕል ላይ በጣት ሊመለከቱ የሚችሉ ናቸው። «ከተገጠመ በኋላ ይታያል» የሚል አቅራቢ ንድፉን አልሠራውም፤ ወይም ሠርቶ ይዞት አልመጣም። በፕሮፎርማው ላይ ፊርማ እስካላረፈ ድረስ ሄዶ እንዲያመጣው መጠየቅ ይቻላል።