ግንብ የሌለው ጥንታዊ ስፍራ እንዴት ይጎበኛል?

ጥንታዊ ስፍራ ሲባል ለብዙዎቻችን ፈጥኖ የሚታየን የቆመ ድንጋይ ነው፤ የአክሱም ሐውልት፣ የላሊበላ ፍልፍል፣ የጎንደር ግንብ። ከባሕር ማዶም ዝናው የገነነው የማያ ሕዝብ በጓቲማላ ጫካ ውስጥ ትቶት የሄደው ቲካል ነው፤ ከቤተ መቅደሶቹ አንዱ ብቻውን 65 ሜትር ገደማ ይረዝማል። በዚህ መስፈርት ከሄድን ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ዙሪያ የሚጎበኝ ጥንታዊ ነገር የለም ማለት ነው። መንገደኛውም ይህንኑ አምኖ ባቱ ላይ ቆሮሶውን ይበላል፣ ዝዋይ ሐይቅ ዳር አባ ኮዳ ያያል፣ ወደ ላንጋኖ ያልፋል። የተሳሳተው ግን መስፈርቱ ነው። የማያ አገር ራሱ ይመሰክራል፦ በ2018 እ.ኤ.አ. ከአውሮፕላን በተለቀቀ የሌዘር ጨረር በተደረገ ቅየሳ በሰሜን ጓቲማላ ጫካ ሥር ከ60,000 በላይ ግንባታዎች ሲገኙ፣ ስለዚያ ሕዝብ ብዛትና ኑሮ የነበረውን ግምት ያናጉት የቤት መሠረቶች፣ እርከኖችና መንገዶች ነበሩ። ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ቆሞ ፎቶ የሚያነሣ ጎብኚ እነዚህን አያያቸውም።

ከባቱ ከተማ በስተ ምዕራብ ጋደሞታ የሚባል ተረተር አለ፤ የፈራረሰ የጥንት እሳተ ገሞራ ጠርዝ ነው። አካባቢው ባልጩት የሞላበት ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አርኪዮሎጂስቶቹ ፍሬድ ዌንዶርፍና ሮሙአልድ ሺልድ እዚህና በአቅራቢያው ባለው ኩልኩሌቲ ቆፍረው፣ የመካከለኛው የድንጋይ ዘመን ሰዎች የሠሯቸውን የባልጩት መሣሪያዎች አወጡ። ዕድሜያቸው እንዴት ታወቀ? በእሳተ ገሞራ አመድ ክሪስታሎች ውስጥ ያለ ፖታሺየም ፍጥነቱ በታወቀ አካሄድ ቀስ እያለ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። ድንጋዩ ሲቀልጥ ቀድሞ የነበረው ጋዝ ስለሚያመልጥ፣ ቆጠራው ከፍንዳታው ጊዜ ይጀምራል። በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመው ልኬት መሠረት መሣሪያዎቹን የሸፈነው አመድ ዕድሜ 276,000 ዓመት ገደማ ነው። ከአመዱ በታች ተቀብረው የነበሩት መሣሪያዎች እንግዲህ ከዚያ ይቀድማሉ፤ ከታወቁት የኦሞ ኪቢሽ የሰው ቅሪቶችም ዕድሜ በላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ከመሣሪያዎቹ መካከል ጫፋቸው የሾለ፣ ሁለቱም ጎናቸው የተሳለ አሉ። ኢትዮጵያዊው አርኪዮሎጂስት ዮናታን ሳህሌና ባልደረቦቹ የጫፎቹን ስብራት በማይክሮስኮፕ መርምረው፣ ስንጥቁ የሮጠበትን ፍጥነት አስልተው፣ ጥቂቶቹ የተወረወሩ ጦሮች ጫፍ ነበሩ ብለዋል። ሁሉም ተመራማሪ አልተስማማም፤ ሆኖም አንዲት ጥቁር ስንጣሪ ይህን ያህል የምታከራክር ከሆነ የሚታይባት ነገር አላት ማለት ነው። ባልጩትም ለአገሩ ሰው እንግዳ ዕቃ አይደለም። በጉራጌና በሀዲያ ቆዳ የሚፍቁ ባለሙያዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በባልጩት ይሠሩ ነበር፤ ድንጋዩን እንዴት መታ አድርጎ ስለት ማውጣት እንደሚቻል ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ የሚያስረዱት እነሱ ናቸው።

«ታዲያ ድንጋይ ለማየት ማን ደክሞ ይሄዳል?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ያልተነገረው ሰው ጋደሞታ ላይ ገደልና ግጦሽ ብቻ ያያል። መልሱ ያለው በላይኛው አዋሽ ዳር፣ በመልካ ቁንጡሬ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. የታወቀው ይህ ስፍራ ጎምቦሬ በተባለው ክፍሉ የተቆፈረውን መሬት እንደተገኘ፣ ድንጋዩንና አጥንቱን በቦታው ትቶ በጣሪያ ሥር ያሳያል። በ2024 እ.ኤ.አ. ባልጪት ከተባለው ስፍራ ጋር በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ አንድም ግንብ አልነበረውም። መሬትን ማስነበብ ይቻላል፤ የሚያስነብብ ሰው ግን ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው፦ ጎብኚ በበዛ ቁጥር ድንጋዩ በየኪሱ ይሄዳል። እውነት ነው፣ እኔም በቀላሉ አላልፈውም። ከቦታዋ የተነሣች ስንጣሪ ከየትኛው አፈር ሥር እንደነበረች ስለማይታወቅ ዕድሜዋን ታጣለች፤ ሙዚየም ብትገባም የማትመልሰው ኪሳራ ነው። ይሁንና ጎርፉ ቦረቦሩን በየክረምቱ እየበላ መሣሪያዎቹን ያጥባል፤ ስለ ስፍራው ማንም ባያውቅ ይህ አይቆምም። ምን እንደሆነ የሚያውቅ የአካባቢ ሰው ግን ሲያይ ይናገራል፤ አሸዋና ድንጋይ ከየት መውሰድ እንደማይገባም ይከራከራል። ያለ ፈቃድ መቆፈርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ እንዲህ ዓይነት ሰው ወረቀት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከአዳማ የሚነሣ አንባቢ መጀመሪያ መልካ ቁንጡሬን ይይ፣ የተመታ ድንጋይ ከተፈጥሮ ድንጋይ እንዴት እንደሚለይ ዓይኑን ያለማምድ። ከዚያ በሞጆ፣ በቆቃና በመቂ አድርጎ ባቱ ይግባ፤ ወደ ጋደሞታም የአካባቢውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሳይጠይቅ፣ መንገድ የሚያሳየው የአገሩ ሰው ሳይዝ አይውጣ። ስንጣሪ ካየ ፎቶ ያንሣ፤ ጎንበስ ብሎ ይመርምር፣ አያንሣት።