ሁለት ቁጥር፣ አንድ ሎግ

ቶንጎ ለሚቀመጥ ኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መብራት እንደሚሄድ ማሰብ አለበት። እኔ የምሠራው አሶሳ ሆኜ ነው። ቶንጎ፣ የማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ ዋና ከተማ፣ ብቅ ተብሎ የሚታይ ሰፈር አይደለም። እዚያ ያለችው ትንሽ ማሽን ስክሪን የላትም፤ የውሃ ፓምፕ ቆጣሪ እያነበበች ታድራለች። ሌሊት ምን እንደገጠማት የምናውቀው ከሎግ ፋይሏ ብቻ ነው። ስለዚህ አብረውኝ የሚሠሩት ወጣቶች ኮድ ሲያሳዩኝ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ውጤቱን ወደ ሎጉ የሚያዞረው ዱፕ2 ወደተጠራበት መስመር ነው።

ሊኑክስ ላይ ፕሮግራም ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ሦስት ፋይል ዲስክሪፕተሮች ተከፍተው ይጠብቁታል፦ 0 ለግቤት፣ 1 ለውጤት፣ 2 ለስህተት መልእክት። ቁጥሮቹ ፋይሎቹ አይደሉም። እያንዳንዱ ቁጥር ከርነሉ ወደሚይዘው መዝገብ ይጠቁማል፤ ንባቡ ወይም ጽሕፈቱ የት እንደደረሰ ያለው እዚያ ነው። ዱፕ የሚባለው ጥሪ አንዱን ቁጥር ሲያባዛ ነጻ ከሆኑት ቁጥሮች ትንሹን ይሰጣል፤ አዲሱም ቁጥር የሚጠቁመው ወደዚያው መዝገብ ነው። ዱፕ2 ቁጥሩን እኛ እንድንመርጥ ይፈቅዳል፤ ቁጥሩ ተይዞ ከሆነ ራሱ ይዘጋዋል።

አንድ ባልደረባዬ 1ንም 2ንም ወደ ሎጉ ለመላክ ፋይሉን ሁለት ጊዜ በኦፕን ከፈተው። «ያው አንድ ፋይል አይደል እንዴ?» አለኝ። ፋይሉ አንድ ነው፤ የተከፈተው ግን ሁለት ጊዜ ስለሆነ የመጻፊያ ቦታውም ሁለት ነው። ሁለቱም ከዜሮ ይጀምሩና አንዱ የጻፈውን ሌላው ይጽፍበታል። አንዴ ተከፍቶ በዱፕ2 ቢባዛ ኖሮ ቦታው የጋራ ይሆን ነበር። ሁሌ ከፋይሉ መጨረሻ የሚያስጽፈው የአፔንድ ምልክት ቢጨመርበትም ከመደራረብ ያድናል፤ እኔ ሎግ ላይ ሁለቱንም አደርጋለሁ።

ሼል ላይም ነገሩ ያው ነው። «> ሎግ 2>&1» ሲባል ሼሉ ከግራ ጀምሮ 1ን ወደ ሎጉ ያዞራል፤ ከዚያ 2ን የ1 ቅጂ ያደርገዋል። ተገላብጦ ሲጻፍ 2 የሚቀዳው ገና ያልዞረውን 1 ነው፤ በኋላ 1 ቢዞርም 2 አይከተለውም። የስህተት መልእክቶቹ ሎጉ ውስጥ የሉም ማለት ነው፣ የምንፈልገው ደግሞ እነሱን ነበር።

ከዱፕ2 በላይ ሰው የሚያሳስተው ግን በፈሩ ነው። በፕሪንትኤፍ የሚጻፈው ወደ ስክሪን ሲሄድ መስመር በመስመር ይወጣል፤ ወደ ፋይል ሲዞር የሲ ላይብረሪው ማህደረ ትውስታ ላይ ባለ በፈር ያጠራቅመዋል። መብራት ሲሄድ የተጠራቀመው አብሮ ይሄዳል። የስህተት መልእክት ሳይጠራቀም ወዲያው ስለሚወጣ፣ ሎጉ ላይ ስህተቱ ከምክንያቱ በፊት ተጽፎ ይገኛል። ዱፕ2 የከርነሉን ቦታ ያጋራል እንጂ ስለ ላይብረሪው በፈር አያውቅም። ስለዚህ ከዱፕ2 በፊት በፈሩን የሚያስወጣው ኤፍፍለሽ ይጠራ፤ አለበለዚያ ለአሮጌው ፋይል የታሰበው ጽሑፍ አዲሱ ውስጥ ይፈሳል።

የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ለሌላው ግቤት በሚያደርገው ፓይፕ ላይ ደግሞ ችግሩ የተባዙትን ቁጥሮች አለመዝጋት ነው። ኬን ቶምፕሰን ፓይፕን ዩኒክስ ውስጥ ካስገባበት ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕጉ አልተለወጠም፦ የመጻፊያው ጫፍ ቅጂ አንድ እንኳ ክፍት ከቀረ አንባቢው መጨረሻውን አያይም፣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ዱፕ2 የሰጠው ቅጂ ሂደቱ በኤክሴክ ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲለወጥም አይዘጋም። ሊኑክስ 2.6.27 በ2008 እ.ኤ.አ. ዱፕ3ን ያመጣው ቅጂው ሲፈጠር ጀምሮ «በኤክሴክ ጊዜ ተዘጋ» የሚል ምልክት እንዲይዝ ነው።

ኤፍፍለሽም ቢሆን ጽሑፉን ለከርነሉ ያስረክባል እንጂ ሚሞሪ ካርዱ ላይ መድረሱን አያረጋግጥም፤ ለዚያ ኤፍሲንክ አለ። ወጣቶቹ ከእያንዳንዱ መስመር በኋላ ይጠራ ይላሉ። እኔ አልስማማም፤ ማሽኗን ያዘገያል፣ ካርዱንም ቶሎ ይጨርሳል። ለጊዜው የተስማማነው የስህተት መስመር ሲጻፍ ብቻ እንዲጠራ ነው፤ የቆጣሪው ተራ ንባብ ጥቂት ቢጠፋ ከቀጣዩ ንባብ ይታወቃል።