ወደ ኮሶዬ ሲወጡ ሌላውንም መንገድ ያስቡ

ከጎንደር በደባርቅ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ኮሶዬ ይደርሳሉ። ከአፋፉ ሆነው ከልጆችዎ ጋር ቁልቁል ቆላውን ሲያዩ፣ ከዚያው ከጎንደር በአዘዞ በኩል ወደ መተማ የሚወርደውን መንገድም ያስቡ።

ብዙ ወጣቶች በዚያ በኩል ወደ ሱዳን፣ ከዚያም ወደ ሊቢያ ይሻገራሉ። ደላላው መጀመሪያ ጥቂት ብር ብቻ፣ አንዳንዴም ምንም አይጠይቅም። ሂሳቡ የሚመጣው በኋላ ነው። ልጁ መጋዘን ተዘግቶበት ሲደበደብ ጩኸቱን በስልክ ለእናቱ ያሰሟታል። ያኔ ከብቱም ቤቱም ይሸጣል።

በሊቢያዋ ባኒ ወሊድ እንዲህ ባሉ መጋዘኖች ሰው በማሰቃየት የተከሰሰው ኤርትራዊው ኪዳኔ ዘካርያስ በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተያዘ። ያስያዘው ከመጋዘኑ ተርፎ የመጣ ወጣት ነው፤ መንገድ ላይ አይቶ ለየውና ለፖሊስ ጠቆመ። ዐቃቤ ሕግ ክስ መሠረተ፣ ተጎጂዎችም መሰከሩ። ተከሳሹ በ2013 ከፍርድ ቤት ቢያመልጥም በሌለበት ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ በታኅሣሥ 2015 ሱዳን ውስጥ ተያዘ። በተመሳሳይ ወንጀል የተከሰሰው ተወልደ ጎይቶም ደግሞ 18 ዓመት ተፈርዶበት በ2015 ለኔዘርላንድስ ተላልፎ ተሰጠ።

ሕጉ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 1178/2012። ያለ ምስክር ግን ዐቃቤ ሕግ ባዶ እጁን ነው። በቤተሰብዎ እንዲህ ያለ ስልክ ከተደወለ ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና የባንክ ደረሰኙን አስቀምጠው ለፖሊስ ያመልክቱ። ደላላው የሰፈር ሰው ወይም ዘመድ ሊሆን ስለሚችል ዝም ማለት ይቀልል ይሆናል። ዝምታው ግን ለጎረቤት ልጅ ይተርፋል።