የማድቤቱ ምድጃና የፕላስቲክ ትል

 

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ዓሣ ማጥመጃ ነው። «ዓሣ ማጥመድ ለእኛ ምናችን ነው?» እንደምትሉ እናውቃለን። እኛም እንደዚያው እንል ነበር፤ አንዲት እህታችን ክንዷ ተቃጥሎ እስክናያት ድረስ።

በ2015 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ነው። ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ይህች እህት እጇን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ቢሮአችን ገባች። «ምን ሆነሽ ነው?» ብንላት «ትል ስሠራ ተቃጠልኩ» አለችን። የቀለደች መስሎን ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምትሠራበት ቤት ልጅ ሃያ ዓመት ያለፈው ጎረምሳ ነው፤ ዓሣ ማጥመድ ይወዳል። ማታ ማዳም ከተኛች በኋላ ማድቤት ይገባና በጋዙ ምድጃ ላይ ፕላስቲክ እያቀለጠ፣ ትል የመሰለ ለስላሳ ማጥመጃ ይሠራል። እህታችን የምትተኛው ከማድቤቱ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ነው። የክፍሏ በር የሚከፈተው ወደ ማድቤቱ ነው፤ መስኮት የላትም። ልጁ ሠርቶ ሲሄድ ሽታው ከእሷ ጋር ያድራል። ጠዋት ስትነሣ ራሷን ያማታል፣ ዓይኗን ይለበልባታል፣ ጉሮሮዋ ይከረክራታል።

እንዲህ ሆና ሦስት ሳምንት ቆየች። በአራተኛው ሳምንት ልጁ ስልክ ሲደወልለት «አንዴ አማስዪልኝ» ብሎ ጠራት። እሷም አሁን ያጠበችውን ማንኪያ ከነውሃው አንሥታ ከተተችው። ትኩሱ ፕላስቲክ ተንጣጣና ክንዷ ላይ ተለጠፈ። ደንግጣ ስትልጠው ቆዳዋ አብሮ ተነሣ። ከዚያ የጥርስ ሳሙና ቀባችበትና ሥራዋን ቀጠለች።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት ሳንናገር አናልፍም። ይህች እህት ራስ ምታቷን ቀደም ብላ ነግራን ነበር። እኛም «ቻዪው፣ በጸሎት በርቺ» ብለን ሸኘናት። ሽታው ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚመጣ፣ የት እንደምትተኛ አልጠየቅናትም። ጸሎት መልካም ነው፤ ግን «መስኮት ክፈቺ» ለማለት አይከለክልም ነበር። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምናዘጋጀው እንደ ዕዳ ቆጥረነው ነው። ኮርኒሽ ላይ ዘንግ ይዘው ከሚቆሙት አጥማጆች ይህን ሥራ የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ጠየቅን፤ በሀገር ቤት ነርስ የነበረች አንዲት ምእመናችንንም አማከርን። የተማርነውን እነሆ።

ይህ ትል ምንድን ነው?

በሀገራችን ዓሣ የሚጠመደው በመረብ ወይም በመንጠቆ ነው። በመንጠቆው ላይ እውነተኛ ትል፣ ትንሽ ዓሣ ወይም ሊጥ ይሰካል። እዚህም በባሕሩ ዳር ብዙ ሰው በዳቦ ሊጥ ያጠምዳል። የፕላስቲኩ ትል የእውነተኛው ምትክ ነው። ለስላሳ ስለሆነ በውሃ ውስጥ ሲጎተት ይውረገረጋል፤ ሌላ ዓሣ አሳዶ የሚበላ ዓሣም ሕይወት ያለው መስሎት ይነክሰዋል።

ሥራው የተጀመረው በማድቤት እንደሆነ ስንሰማ ገረመን። በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ አክሮን የምትባል በጎማ ፋብሪካዎቿ የታወቀች ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1949 ኒክ ክሪም የተባለ ሰው ከሚስቱ ከኮስማ ጋር በቤታቸው ምድጃ ላይ ፕላስቲክ ከዘይትና ከቀለም ጋር እያቀለጡ፣ የእውነተኛ ትል ቅርጽ በወጣለት ማውጫ ውስጥ እያፈሰሱ ሞከሩ። ከእነርሱ በፊትም ከጎማ የተሠሩ ትሎች ነበሩ፤ ነገር ግን ደረቅ ስለነበሩ በውሃ ውስጥ እንደ ሕያው አይንቀሳቀሱም ነበር። የባልና ሚስቱ ትል ግን ለስላሳ ሆነ። በፖስታ መሸጥ ጀመሩ፤ ኋላም በቴክሳስ ግዛት ታይለር በምትባል ከተማ ፋብሪካ ያለው ኩባንያ ሆነ። ዛሬ በዓለም ሁሉ ብዙ ሰው በየቤቱ የሚሠራው የእነርሱን መንገድ ተከትሎ ነው።

እንዴት ይሠራል?

ፈሳሹ «ፕላስቲሶል» ይባላል። የውሃ ቧንቧና የኤሌክትሪክ ገመድ ሽፋን ከሚሠራበት ከፒቪሲ ፕላስቲክ ነው የሚዘጋጀው። የፒቪሲው ዱቄት በማለስለሻ ዘይት ውስጥ ተበጥብጦ ወተት ይመስላል። ሲሞቅ መጀመሪያ እንደ ገንፎ ይወፍራል። እየተማሰለ ሙቀቱ ወደ 175 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይቀጥንና ጥርት ይላል። ያን ጊዜ ቀለምና ብልጭልጭ ይጨመርበታል። ትሉ ክብደት እንዲኖረው የሚፈልግ ደቃቅ ጨው ይጨምርበታል። ከዚያ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይፈስሳል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይረጋል።

ቅርጽ ማውጫው ከአሉሚኒየም፣ ከሲሊኮን ወይም ከጀሶ ይሠራል። የሚቀልላቸው ጀሶው ነው። ጀሶው በውሃ ይቦካና አንድ ትል እስከ ግማሹ ይቀበርበታል፤ ሲደርቅ ትሉ ይነሣል፣ ቦታው ይቀራል። ነገር ግን ጀሶው በደንብ ደርቆ በቫርኒሽ ካልተቀባ በውስጡ የቀረው እርጥበት በእንፋሎት ይወጣና ትሉን አረፋ ያደርገዋል፤ ትኩሱንም ያፈናጥረዋል።

የተበላሸው ትል ሁሉ ተቆራርጦ እንደገና ይቀልጣል። ጎረምሶቹ ሥራውን ከሚወዱበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው። ነገር ግን በተደጋጋሚ የሞቀ ፕላስቲክ ቶሎ ያራል።

ጉዳቱ ምንድን ነው?

አንደኛ፣ ጢሱ ነው። ፕላስቲሶል በልኩ ሲሞቅም ይሸታል። ከልኩ ሲያልፍ ግን ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ይጠቁራል። በዚህ ጊዜ የአሲድ ጋዝ ያወጣል፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮና ደረት ይጎዳል። አስም ያለባት እህት ይበልጥ ትታመማለች። አፍንጫ ላይ የሚታሰር ጨርቅ ወይም የወረቀት ማስክ ጋዝ አያስቀርም። ከምድጃው በላይ ያለው ሻፋትም የሚረዳው ሽታውን ወደ ውጭ የሚያወጣ ከሆነ ነው፤ በየማድቤቱ ግን መልሶ እዚያው የሚነፋው ብዙ ነው።

ሁለተኛ፣ ዕቃው ነው። ፕላስቲክ የቀለጠበት ድስት፣ ማንኪያና የመስታወት ስኒ ዳግመኛ ለምግብ መዋል የለበትም። ማይክሮዌቭም እንዲሁ። ከማለስለሻ ዘይቶቹ አንዳንዶቹ የሰውነትን ሆርሞን የሚያውኩ ናቸው። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2005፣ በአሜሪካም በ2008 በወጡ ሕጎች ከእነዚህ አንዳንዶቹ በሕፃናት መጫወቻ ውስጥ እንዳይገቡ ተከልክለዋል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴትና ሕፃን ከሥራው አጠገብ ባይቆሙ ይሻላል። የተሠራውንም ትል ሕፃናት አንሥተው አፋቸው ውስጥ እንዳይከቱት ጠብቁ፤ ቀለሙ ከረሜላ ይመስላል።

አንድ ነገር እንጨምር። ለስላሳው ትል በሌላ ፕላስቲክ ላይ ሲያድር ያቀልጠዋል። በማዳም የፕላስቲክ ሣጥን ወይም ትሪ ላይ አድሮ ጠዋት ተጣብቆ ቢገኝ «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» እንዳትባዪ፣ ከመጣበት ከረጢት ውጭ አታስቀምጪው።

ሦስተኛ፣ ቃጠሎው ነው። በ175 ዲግሪ ያለ ፈሳሽ ከፈላ ውሃ እጅግ ይበልጣል። ያውም እንደ ውሃ ፈስሶ አይሄድም፤ ይለጠፋል። አንዲት ጠብታ ውሃ ስትነካው እንደ ጋለ ዘይት ይፈናጠራል። እህታችንን ያቃጠላት ይህ ነው።

ቢቃጠሉ ምን ይደረጋል?

ወዲያውኑ ክንዱን ከቧንቧ ሥር አድርጋችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት። 20 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ማዳም ብትጣራም ከቧንቧው አትራቁ። በረዶ አታድርጉበት። የተለጠፈውን ፕላስቲክ አትላጡት፤ ሐኪም ያነሣዋል። ቀለበትና አምባር ካለ እጅ ሳያብጥ አውልቁ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ቡና፣ እንቁላል፣ ሊጥ አትቀቡ። እናቶቻችን ያደርጉት እንደነበር እናውቃለን፤ ሆኖም ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል፣ ቁስሉንም ያመረቅዘዋል። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ። በንጹሕ ጨርቅ አላልታችሁ ሸፍኑና ወደ ሐኪም ሂዱ።

በሊባኖስ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 140 ነው። ለእሳት አደጋ 125 ነው። ድስቱ ራሱ እሳት ቢይዝ ውሃ አታፍስሱበት፤ ጋዙን ዝጉ፣ ክዳን ድፉበት፣ ውጡ። «ሕክምና ውድ ነው፣ ማን ይከፍልልኛል?» ለምትሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የቤት ሠራተኞች መደበኛ ውል አሠሪው የጤና መድን እንዲገባላችሁ ያዛል። የመድኑን ወረቀት ሳትታመሙ ጠይቃችሁ እወቁት።

እንዴት እንናገር?

ከሁሉ የከበደን ይህ ነው። እህታችን ያልተናገረችው ፈርታ ነው። «የቤቱ ልጅ ነው፤ ብናገር ማንን ያምናሉ?» አለችን። እውነቷን ነው፤ በየቤቱ ያለው ጠባይ አንድ አይደለም። ሆኖም ስንመክራት በክስ ሳይሆን በጥያቄ እንድትጀምር ነገርናት። ቀን፣ ማዳም ቡናዋን ስትጠጣ፣ ረጋ ብላ «ማዳም፣ ፊ ሪሃ ክቲር፣ ቢዲ ኢፍታህ ሺባክ» እንድትል፤ ሽታው ብዙ ነው፣ መስኮት መክፈት እፈልጋለሁ ማለት ነው። ደግሞም ድስቱን እንድታሳያት፤ ቤተሰቡ የሚበላበት ድስት ነውና።

ማዳም ድስቱን ስታይ ጮኸች፤ የጮኸችው ግን በልጇ ላይ ነበር። ልጁም ክፉ ልጅ አልነበረም፤ የጢሱን ጉዳት እሱም አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ አሮጌ ድስትና ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዞ ወደ ሰገነቱ ወጣ፤ ቴርሞሜትርና ወፍራም ጓንትም ገዛ። እህታችን ዛሬ ራሷን አያማትም። ጠባሳው ግን ክንዷ ላይ አለ። ሦስት ሳምንት ቀድመን ጠይቀናት ቢሆን ኖሮ ባልኖረ ነበር።

ሁሉም ቤት እንዲህ በቀላሉ አይሆንም። ተናግራችሁ ካልተሰማችሁ፣ ቢያንስ በምትተኙበት ክፍል በር ሥር እርጥብ ፎጣ አድርጉ፤ ሥራው እስኪያልቅ በረንዳ ላይ ቆዩ፤ ሲያበቃ መስኮቱን ሁሉ ክፈቱ። «አማስዪ» ብትባሉ ማንኪያው ደረቅ መሆኑን እዩ፣ እጅጌያችሁን አውርዱ፣ ፊታችሁን ከድስቱ በላይ አታድርጉ። ከዚያም ለእኛ ንገሩን። አሁን «ቻዪው» አንላችሁም።

ሀገር ስንገባ ይጠቅመን ይሆን?

አንዳንዶቻችሁ ሙያ ሁሉ ለሀገር ቤት ስለሚታያችሁ ይህን ጠይቃችሁናል። እውነቱን እንናገር። በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳ አብዛኛው ዓሣ የሚወጣው በመረብ ነው። የምንወደው ቆሮሶም በአብዛኛው የሚመገበው በውሃ ውስጥ የሚበቅል አረንጓዴ ነገር ስለሆነ የፕላስቲክ ትል አያሳድድም። ስለዚህ በዚህ ገንዘብ አታውጡ።

የሚጠቅመው የጀሶው ቅርጽ ማውጫ ነው። በእርሱ ሻማ መሥራት ይቻላል። ሰም በ60 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ድስቱን በሙቅ ውሃ ላይ አስቀምጦ ማቅለጥ ይበቃል። ማውጫውን ግን ቀድሞ ማድረቅና መቀባት እዚህም ግዴታ ነው። ሻማ በበዓልም በአዘቦትም ገዢ አያጣም።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ጌታችን ጴጥሮስን መንጠቆ ወደ ባሕር እንዲጥል አዘዘው፤ በመጀመሪያው ዓሣ አፍ ውስጥ ለጌታና ለራሱ ግብር የሚሆን ገንዘብ አገኘ። በዚህ ታሪክ ደስ የሚለን ጌታ ስለ ትንሿ ዕዳ እንኳ ማሰቡ ነው። የእናንተም ራስ ምታት፣ የመኝታችሁ ሽታ፣ የክንዳችሁ ቁስል በእርሱ ዘንድ ትንሽ አይደለም። በእኛም ዘንድ ትንሽ እንዳይሆን ጸልዩልን።

የመጪው እሑድ ሰው ይበለን። አሜን።