ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት ኪሳችሁን ጠይቁ

አዳማ ውስጥ የማውቀው አንድ ወጣት አለ። ስሙን ተዉት። ማኪያቶውን ቀንሶ፣ ስምንት ወር ዕቁብ ጥሎ፣ ሲደርሰው ካሜራ ገዛ። ያውም ትልቁን! ሁለት ሌንስ፣ የአንገት ማንጠልጠያ፣ እንደ ሕፃን የሚታዘል ቦርሳ። በመጀመሪያው ወር ሰፈሩን ሁሉ አነሳበት። በሁለተኛው ወር «ዛሬስ ይከብዳል» ማለት ጀመረ። በሦስተኛው ወር ካሜራው ቁም ሳጥን ገባ።

አንድ እሁድ አያቱ ከወንጂ መጡ። ቡና ተፈልቶ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ የድሮ ጎረቤታቸውን ነገር እያነሱ ከልባቸው ይስቃሉ። ልጁ «ይቺንማ ማንሳት አለብኝ!» ብሎ ወደ ቁም ሳጥኑ ሮጠ። ቦርሳውን ፈታ፣ ሌንሱን ገጠመ፣ ባትሪውን አየ። ሲመለስ አያቱ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ለቀበሌ መታወቂያ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብለው ጠበቁት። «በል አንሳኛ፣ የኔ ልጅ» አሉት። አነሳ። ከአምስት ወር በኋላ አያቱ አረፉ። ዛሬ ግድግዳው ላይ ያለው ያው ቀጥ ያለው ፎቶ ነው። «እሳቸውን አይመስልም» ይላል ልጁ። «ሳቃቸው አመለጠኝ።»

ልጁ መጥፎ ካሜራ አልገዛም። የራሱ ያልሆነ ካሜራ ነው የገዛው። የዛሬው ጨዋታችንም ይኸው ነው። «የኪስ ካሜራ» ስንል ኪስን ሁለት ጊዜ እንነካለን፤ አንዱ ካሜራው የሚገባበት ኪስ ነው፣ ሌላው ብሩ የሚወጣበት። ሁለቱንም ሳይጠይቁ መግዛት ኋላ ያስቆጫል።

«ስልኬስ ምን አነሰው?» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ለመናገር፣ ፎቶ የምታነሱት ለጓደኛ ለመላክ ብቻ ከሆነ ስልካችሁ ይበቃል፤ ብራችሁን አታባክኑ። ካሜራ የሚበልጠው በሦስት ነገር ነው። ብርሃን የሚቀበለው ገጽ (ሴንሰር የሚሉት) ከአብዛኛው ስልክ ይሰፋል፤ ስለዚህ ማታም ፎቶው ቶሎ አይሻክርም። ዙም ካለው፣ በሌንሱ ነው የሚያቀርበው እንጂ ምስሉን ቆርጦ አያሳድግም። ሦስተኛው ደግሞ መሀል ላይ አይደወልበትም!

እንግዲህ ወደ ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ስልካችሁ ውስጥ ያሉትን የመጨረሻ 100 ፎቶዎች ክፈቱና ቁጠሩ። ስንቱ በቀን፣ ስንቱ በማታ ነው? ስንቱ ላይ ሩቅ ያለውን ለማቅረብ ጣታችሁን ዘርጋችሁ? ስንቱ ሰው፣ ስንቱ መልክዓ ምድር ነው? ሻጭ የሚነግራችሁ ስለ ዕቃው ነው፤ እነዚህ 100 ፎቶዎች ግን ስለ እናንተ ይናገራሉ። መልሱን ካገኛችሁ ከሚከተሉት በአንዱ ትገባላችሁ።

አንደኛው፣ የመንገድ ሰው ነው። አዳማ ላይ ባጃጁን፣ ጋሪውን፣ የድሮውን ባቡር ጣቢያ አካባቢ፣ የመናኸሪያውን ግርግር እየዞረ የሚያነሳ። ወይም ከመስቀል በኋላ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ለኢሬቻ ወርዶ በሕዝብ መሀል የሚገፋ። ለዚህ ሰው ዙም አያስፈልገውም፤ ዙሙ እግሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሪኮ ጂአር 3 ለዚህ የተሠራ ነው። ከነባትሪው 257 ግራም ብቻ ይመዝናል፣ ሌንሱም አንድና ሰፊ ነው። ርቀቱን አስቀድማችሁ 2 ሜትር ላይ ከሞላችሁት ሳያስተካክል ወዲያው ያነሳል። ጉድለቱስ? ባትሪው 200 ፎቶ ገደማ ነው የሚይዘው፣ ፍላሽ አብሮት የለም፣ አቧራም አይከላከልም። የበጋ አዳማን አቧራ የምታውቁ ይህን ቀላል አትበሉት። ወደ ሴንሰሩ የገባ ብናኝ በየፎቶው ሰማይ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይከተላችኋል። ስለዚህ ዚፕ ያለው ትንሽ ከረጢት አትርሱ።

ሁለተኛው፣ የሩቅ ሰው ነው። ሐይቅና ወፍ ይወዳል። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ለዩ። ባቱ (ዝዋይ) ዓሣ አስጋሪዎቹ ዘንድ ከሄዳችሁ አባ ኮዳውና ፔሊካኑ ዓሣ ለመልቀም እግራችሁ ሥር ድረስ ይመጣሉ፤ ዙም አያስፈልግም። አቢጃታ ግን ሌላ ነው። ውሃው እየሸሸ ስለመጣ ፍላሚንጎዎቹ ጭቃውን አልፈው ከሩቅ ነው የሚታዩት። እዚያ እንደ ፓናሶኒክ ሉሚክስ ቲዜድ 200 (እ.ኤ.አ. 2018) ያለ ይሻላል፤ ከ24 እስከ 360 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፣ ኪስም ይገባል። ዋጋው ደግሞ ብርሃን ነው። ዙሙ ሲረዝም ሌንሱ ይጠባል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፎቶው ይደበዝዛል። ሁሉን የሚችል የኪስ ካሜራ አለ የሚላችሁ ካለ ሊሸጥላችሁ ነው።

ሦስተኛው፣ የማታና የቤት ሰው ነው። ሠርግ፣ ልደት፣ ቡና፣ መብራት የጠፋ ዕለት በሻማ። ይህ ሰው «ኤፍ» የሚባለውን ቁጥር ይመልከት። ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይበዛል፤ ኤፍ 1.8 የሆነ ሌንስ ኤፍ 2.8 ከሆነው ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ብርሃን ያስገባል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ካኖን ጂ7 ኤክስ ማርክ 3 ከኤፍ 1.8 ይጀምራል፤ ትንሽ ፍላሽም አለው። ፍላሹ ለማታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በቀትር ፀሐይ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ስታነሱ ፊቱ ይጠቁርና ዓይኑ ይጠፋል፤ ያኔ ፍላሹን ብታበሩት ፊቱን ያወጣዋል።

አራተኛው፣ የውሃ ሰው ነው። ቅዳሜ ሶደሬ፣ እሁድ ላንጋኖ። ኦሊምፐስ ታፍ ቲጂ 6 እስከ 15 ሜትር ጥልቀት ይዘልቃል። ሴንሰሩ ግን የስልክ ያህል ትንሽ ነው፤ ማታ አትጠብቁት።

«እኔ የፊልም ካሜራ ነው የምወደው» የምትሉም አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣችው ኦሊምፐስ ሚዩ 2 ዛሬም ተፈላጊ ናት። ግን ፊልም የምታገኙበትንና የሚያጥብላችሁን ሳታረጋግጡ አትግዙ። አለዚያ ጌጥ ነው የገዛችሁት።

ደግሞ የኪስ ነገር። ስሙ የገነነው ፉጂፊልም ኤክስ100 6 ግማሽ ኪሎ ያልፋል። አዲስ አበባ ካፖርት ለሚለብስ ሰው ኪስ ይገባ ይሆናል። አዳማ ላይ ማን ካፖርት ይለብሳል? የኛ ኪስ የሱሪ ኪስ ነው። ስለዚህ ስትገዙ ሱሪያችሁ ኪስ ክተቱት፣ ተቀመጡ፣ ተነሱ፣ ባጃጅ ውስጥ እንደምትታጠፉት ታጠፉ። ከጎረበጣችሁ ይቅርባችሁ።

አሮጌ የምትገዙ ከሆነ ሌንሱን አሥር ጊዜ ክፈቱት ዝጉት፤ ከተንቋረረ አሸዋ ገብቶበታል። ሌንሱን አጥብባችሁ (ኤፍ 11 ገደማ) ነጭ ግድግዳ አንሱና አሳድጋችሁ እዩ፤ ነጥብ ካለ አቧራ ነው። ባትሪው ካበጠ አትንኩት። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነም አስጠንቅቁት፤ ለጃፓን ገበያ የተሠራ ሶኒ ቋንቋው ጃፓንኛ ብቻ ሊሆን ይችላል። ተገዝቶ ከመጣ በኋላ ማን ያነብላችኋል?

የመጨረሻው ምክር ስለ ሰው ነው። ካሜራው ትንሽ ነው ማለት ሰው አይከበርም ማለት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ አይለጠፍም፣ አይባዛም፣ አይሸጥም ይላል። «እማማ፣ ላንሳዎት?» ማለት ምንም አይጎዳም። ቀድማችሁ አንስታችሁ ከሆነ ደግሞ አሳዩአቸው፤ «አጥፋው» ካሉ አጥፉት። ቢሾፍቱ ስትሄዱም ዓይናችሁ ወደ ሐይቁ እንጂ ወደ አየር ኃይሉ ግቢ አይሁን።

ያ ወጣት ምን ሆነ? ትልቁን ካሜራ ከነሌንሶቹ ሸጠ። ከገዛበት ባነሰ ነው፤ ምን ይደረግ። በገንዘቡ ያገለገለች ትንሽ ካሜራ ገዛ። ዛሬ ከቁልፉና ከመታወቂያው ጋር የሱሪው ኪስ ውስጥ ናት። ባለፈው እናቱ ከባጃጅ ነጂ ጋር በዋጋ ሲከራከሩ፣ ጣታቸውን ቀስረው፣ ግማሽ ተቆጥተው ግማሽ ስቀው አነሳቸው። ፎቶውን አሳየኝ። ትንሽ ዘመም ብሏል፣ የነጂውም ጆሮ ተቆርጧል።

«እናቴ ግን እናቴ ናት» አለኝ።