ከአራቱ ያልሠራው የቱ ነው?

ከነቀምቴ ወደ ግምቢ የሚወስደው መንገድ ዲጋን አልፎ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ይወርዳል። አገሩ የበቆሎ፣ የዳጉሳና የኑግ አገር ነው። ዝናቡ በዓመት አንዴ ረዘም ብሎ ስለሚዘንብ የእርሻው ጊዜ አይደገምም። በደርግ ዘመን በዴዴሳና በአንገር ሸለቆ የመንግሥት እርሻዎች ከተከፈቱ ወዲህ ትራክተር ለወለጋ እንግዳ አይደለም። ገበሬው ትራክተር የሚከራየው ግን ለእነዚያ ጥቂት የእርሻ ሳምንታት ነው፤ ያን ጊዜ የአንድ አሮጌ ትራክተር ሞተር ከታመመ ወረፋ የያዘው ሁሉ ይቸገራል።

ሕመሙ በቀላሉ ይታወቃል። ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው ሚኒሞ ላይ ሳለ መሪውና ወንበሩ ይርገፈገፋሉ፣ ማረሻው መሬት ሲነክስ ጉልበት ያጥራል፣ ጭሱ ይለወጣል። ብዙ ባለትራክተር በዚህ ጊዜ የሚሮጠው ወደ መለዋወጫ ሱቅ ነው። ኖዝል ይገዛል፣ ፖምፓ ያስፈታል፣ ከባሰም ሞተር ያስወርዳል። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፦ ያልሠራው የትኛው ሲሊንደር ነው?

በአገራችን በደንብ ከሚታወቁት አንዱን፣ ማሲ ፈርጉሰን 290ን እንውሰድ። የፐርኪንስ ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር ነው፤ ይዘቱ 4 ሊትር ገደማ ይሆናል። ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ዙር ሲዞር አራቱም ሲሊንደሮች በ1፣ 3፣ 4፣ 2 ተራ አንድ አንድ ጊዜ ይገፉታል። ሚኒሞው በደቂቃ 750 ዙር ቢሆንና አንዱ ሲሊንደር ቢሞት፣ በደቂቃ 375 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ ከስድስት ጊዜ በላይ፣ ግፊት ይጎድላል ማለት ነው። ትራክተሩን የሚያንቀጠቅጠው ይህ ጉድለት ነው።

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን ወደ 16 እጥፍ ሲጨምቀው ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፤ ኖዝሉ ናፍጣውን እንደ ጉም በትኖ ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ በሰዓቱ የሚረጭ ንጹሕ ናፍጣ፣ በቂ አየርና የማያፈስ ኮምፕሬሽን።

ምርመራው ወጪ ከሌለው ይጀምራል። ናፍጣ በበርሜል በሚቀመጥበት አካባቢ ቀዳሚው ተጠርጣሪ ውኃ ነው። በርሜሉ ሲጎድል ባዶው ቦታ በአየር ይሞላል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ውኃ ተለውጦ ይዘቅጣል። ከትራክተሩ የናፍጣ ፊልትሮ ሥር ያለውን ቡሎን ላላ አድርጎ የሚወርደውን በንጹሕ ጠርሙስ መቀበል ነው። ውኃ ካለ ከታች ለብቻው ይቆማል፣ ናፍጣው ከላይ ይንሳፈፋል። ቀጥሎ የአየር ማጣሪያው ይታያል። አየር ወደ ናፍጣው መስመር ገብቶ ከሆነም በፊልትሮውና በፖምፓው ላይ ያሉትን የአየር ማውጫ ቡሎኖች በየተራ አላልቶ፣ አረፋው አልቆ ጥርት ያለ ናፍጣ እስኪወርድ ድረስ ናፍጣውን በእጅ መግፊያው መግፋት ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መንቀጥቀጡ ካልተወ ሲሊንደሮቹ አንድ በአንድ ይጠየቃሉ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እየሠራ ከፖምፓ ወደ አንደኛው ኖዝል የሚሄደው ቱቦ ዳዶ በቁልፍ ትንሽ ይላላል። ናፍጣው በዚያ ስለሚያመልጥ ሲሊንደሩ ያርፋል። የሞተሩ ድምፅ ከወረደና መንቀጥቀጡ ከባሰ ያ ሲሊንደር ደህና ነበር፤ ዳዶው ተመልሶ ይጠብቅና ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ዳዶው ላልቶ ምንም ለውጥ ካልመጣ በሽተኛው እሱ ነው። እጅን ግን ከዚያ ማራቅ ግድ ነው። በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ናፍጣ ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በአስቸኳይ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነው።

በሽተኛው ሲሊንደር ከታወቀ በኋላ ሞተሩ ይጠፋና የእሱ ኖዝል ከጎረቤቱ ጋር ይለዋወጣል። ችግሩ ከኖዝሉ ጋር ከሄደ ኖዝሉን ብቻ ማስፈተሽ ይበቃል። ችግሩ እዚያው ከቀረ የቫልቮቹ ክፍተት ይለካል፣ ኮምፕሬሽን ይታያል፤ የተቃጠለ ቫልቭ፣ ያለቀ ፋሻ ወይም የተበላ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሊሆን ይችላል። ሞተር ማውረድ የሚታሰበው እዚህ ሲደረስ ነው።

ጭሱም ይመሰክራል። ነጭ ጭስ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣን፣ ሰማያዊ የሚቃጠል የሞተር ዘይትን፣ ጥቁር ደግሞ የአየር ማነስን ወይም የናፍጣ መብዛትን ያሳያል። ነቀምቴ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ደጋ ላይ ጠቆር ብሎ የሚያጨስ ትራክተር ዴዴሳ ሲወርድ ቢሻለው የሚገርም አይደለም፤ በዚህ ብቻ ፖምፓ ማስፈታት አይገባም።

በቤንዚን ለሚሠሩ አሮጌ ትራክተሮችም ጥያቄው ያው ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1952 የተሠራው ፎርድ 8ኤን ብልጭታውን በሰዓቱ የሚያስነሣ ፑንቲና ነበረው፤ ብዙ ባለቤቶች በኋላ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ለውጠውታል። እዚያ የሚላላው ዳዶ ሳይሆን የሚነቀለው የካንዴላ ገመድ ነው፤ ኤሌክትሮኒክ ክፍሉ እንዳይበላሽ የተነቀለው ገመድ ከሞተሩ ብረት ጋር መነካካት አለበት። ቀዝቃዛ ሳለ ደህና ሠርቶ ሲሞቅ የሚቆራረጥ ሞተር ከሆነ ቦቢናውና ኤሌክትሮኒክ ክፍሉ ይጠረጠራሉ። የባትሪው ቮልቴጅ ከወረደ ወይም ባትሪውን ከብረቱ ጋር የሚያያዘው የማሳ ገመድ ከዛገም ብልጭታው ይደክማል። 

ውኃውን ለማግኘትና በሽተኛውን ሲሊንደር ለመለየት የሚያስፈልገው ጥቂት ቁልፍ፣ አንድ ጠርሙስና የሚያዳምጥ ጆሮ ነው። ስለዚህ ትራክተር የሚያሽከረክር ኦፕሬተር መንዳትና ማረስ ብቻ ሳይሆን ውኃ ማውጣትንና ሲሊንደር መለየትንም አብሮ ይማር። ባለትራክተሩም የዋጋ ድርድር ከመጀመሩ በፊት መካኒኩ በሽተኛውን ሲሊንደር እንዲያሳየው ይጠይቅ። ማሳየት ያልቻለ መካኒክ ዕቃ እንዲያስቀይረው አይፍቀድለት።