ኔትወርክ የጠፋ ዕለት በዛንዚባር

የምኖረው ጀርመን ነው፤ እንጀራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። ከሁለተኛ ዲግሪ በኋላ እዚያው ቀረሁ። በ2016 ዓ.ም. ከፋሲካ ማግስት እረፍት ወስጄ ዛንዚባር ሄድኩ። ጊዜው የዝናብ ወቅት ስለሆነ ሆቴሉ ረከስ ብሎ አገኘሁት። ካርታው፣ የሆቴሉ አድራሻ፣ የመመለሻ ቲኬቱ፣ ሁሉም ስልኬ ውስጥ ነው። ለእማዬ የነገርኳት ግን «ደሴት ላይ ነኝ፣ እደውላለሁ» ብቻ ነበር።

እሑድ ግንቦት 4፣ ዳግማይ ትንሣኤ፣ ከደሴቱ ሰሜን ጫፍ ኑንግዊ ሆኜ ልደውልላት ብል ዋትሳፕ እምቢ አለ። «የሆቴሉ ዋይፋይ ነው» ብዬ ስልኬን ሦስቴ አጥፍቼ አበራሁ። የባለሙያ ወግ ይኸው ነው! ከመሄዴ በፊት የገዛሁት ኢሲም ዳታ ብቻ እንጂ ስልክ ቁጥር የለውም። የጀርመኑን ሲም ደግሞ ሮሚንግ ፈርቼ ቤት ትቼዋለሁ። ስለዚህ እሷም ልታገኘኝ አትችልም። የሆቴሉ የካርድ ማሽንም አልሠራም።

በኋላ እንደተረዳሁት፣ በዚያን ዕለት ኢሲ እና ሲኮም የሚባሉት የባሕር ሥር ኬብሎች ደቡብ አፍሪካ አካባቢ ተቆርጠው ነበር። በየካቲት ወር ደግሞ ቀይ ባሕር ውስጥ ሌሎች መስመሮች ተጎድተዋል። የዋትሳፕ ጥሪ በኢንተርኔት ስለሚሄድ ከታንዛኒያ የሚወጣው መስመር ሲጠብ አብሮ ይታነቃል። ተራ የስልክ ጥሪ ግን በጣም ትንሽ አቅም ስለሚበቃው ብዙ ጊዜ ያልፋል።

ይህን የተማርኩት ከሆቴሉ ጥበቃ ነው። ጭንቀቴን አይቶ ያቺን ባለቁልፍ ስልኩን አቀበለኝ። 251 ብዬ ደወልኩ፤ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች።

«ሰው ሁሉ ተሰብስቦ አንተን ስንጠብቅ! ባሕር በላው ብዬ እኮ ነው...» አለችና አለቀሰች።

ለሰርቨር መጠባበቂያ ሳላዘጋጅ የማልተኛው ሰውዬ፣ ለእናቴ የሆቴሉን ስልክ ቁጥር እንኳ አልተውኩላትም ነበር።

በማግስቱ ሲም ለመግዛት ከተማ መውረድ ነበረብኝ። መኪና መከራየት አልደፈርኩም፤ በዚያ የሚነዳው በግራ ነው፣ ለውጭ አገር ሰውም የአካባቢው ፈቃድ ያስፈልገዋል። በእጄ በነበረችው ሽልንግ ቁጥር 116 ዳላዳላ ተሳፈርኩ። የእኛው ሚኒባስ ማለት ነው፤ ወያላ አለው፣ ሞላ ሲሉት ይጨመርበታል። «ወራጅ አለ» ለማለት «ሹሻ!» ይባላል። ስቶን ታውን ስደርስ መንገዱ እንደ ሐረር ጀጎል ጠባብ ነው፤ ያለ ካርታ፣ ሰው እየጠየቅኩ ሱቁን አገኘሁት። በፓስፖርትና በጣት አሻራ ሲሙን አስመዘገብኩ። መጀመሪያ የላክሁት ቁጥሬን ነበር፤ በኤስኤምኤስ፣ ለእማዬ።

እኛ ውጭ ያለን ሰዎች ከቤተሰብ ጋር የያዘን ክር ዋትሳፕና ኢሞ ብቻ ሆኗል። እባካችሁ፣ ለእረፍት ስትወጡ ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ፣ የሆቴሉን አድራሻ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ የአገሩን ጥሬ ገንዘብ ያዙ፣ ስልክ ቁጥር ያለው ሲም ግዙ። ከሁሉ በፊት ግን የምታድሩበትን ቦታ ስልክ ቤት ለሚጠብቃችሁ ሰው ስጡ። እኔ አሁን ከቲኬቱ ቀድሜ የምልከው እሱን ነው። እማዬ ፍሪጁ ላይ ትለጥፈዋለች።